ማይነስ 88 ላልሽው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሶውን አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልክልሻለን።

ባለፈው የጀመርነውን የፍሉይድ ሜካኒክስ (የፈሳሽ ግፊትና ፍሰት ትምህርት) ወሬ ኔትወርኩ አቋረጠን። ቁጥር ያለበት ነገር በስልክ አይሆንምና በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ጥያቄው ውሃው ከታች፣ ፓምፑ ከውሃው በላይ 9 ሜትር ላይ ሆኖ፣ በፓምፑ መግቢያ ግፊቱ ስንት ነው የሚል ነበር። ፍጥነቱንና ቱቦው ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋውን ተዉት ብሏችኋል። አንቺ ማይነስ 88 ኪሎ ፓስካል አገኘሽ፤ ከመጽሐፉ መልስ ጋርም ገጠመልሽ። «ግን አባዬ፣ ማይነስ ግፊት ምን ማለት ነው?» አልሽኝ። መልሱ ስለገጠመ ብቻ ገጹን ገልብጦ ያለፈ ተማሪ አይጠፋም፤ አንቺ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል።

ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ ዜሮ የሚለው የአካባቢውን አየር ግፊት ነው። ማይነስ 88 ማለት እንግዲህ ከአየሩ ግፊት በ88 ያነሰ ማለት ነው፤ ምንም ክፋት የለበትም። ፍጹም ግፊቱን፣ ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ተነስቶ የሚቆጠረውን፣ ከፈለግሽ የአየሩን ትደምሪበታለሽ። መጽሐፉ አየሩን 101.3 ብሎ ስለሚነሳ 13 ይተርፈዋል። ጠባብ ነው፣ ግን በወረቀት ያስኬዳል። ያ ቁጥር ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ለተተከለ ፓምፕ ነው። እኛ መራዊ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ እዚህ አየሩ 79.5 አካባቢ ነው። አሁን 88ቱን ቀንሺለት። ማይነስ 9 ገደማ ይመጣል፤ ይሄኛው ማይነስ ፓምፕ ውስጥ የሚሆን ነገር አይደለም። ቀመሩ አይከለክልሽም፣ ውሃው ግን እዚያ አይደርስም።

ፓምፕ ውሃ አይስብማ! ፓምፑ የሚያደርገው መግቢያው ላይ ግፊቱን ማውረድ ብቻ ነው፤ ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ውሃ ላይ የተጫነው አየር ነው። አየሩ የሚገፋው ደግሞ አቅሙ እስከቻለ ድረስ ነው፦ በባሕር ጠረፍ 10.3 ሜትር፣ ባሕር ዳር 8.3፣ እኛ ዘንድ 8.1፣ ደብረ ማርቆስ 7.7 አካባቢ። ጮቄ አናት ላይ ብትወጪ 6 ሜትር ገደማ ነው የሚቀርሽ። ፓስካል የተባለው ሰው፣ ግፊቱ የሚለካበት ስሙ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1648 የእህቱን ባል የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፈረንሳይ አገር ተራራ ያስወጣው ይህንኑ ለማየት ነበር፤ ሜርኩሪውም ከፍታው በጨመረ ቁጥር ዝቅ አለ። እሱ ራሱ ግን አልወጣም፤ ተራራውን ለአማች ትቶ ስሙን ወሰደ።

8.1 ሜትሩም ቢሆን ሙሉውን አይገኝም። ግፊቱ ዜሮ ከመድረሱ በፊት ውሃው ራሱ ይፈላል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት 2.3 ኪሎ ፓስካል ላይ ሲደርስ፣ እሳት ሳያይ። መግቢያው ላይ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠርና ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ባለክንፍ ተሽከርካሪ) ውስጥ ግፊቱ ከፍ ሲል አረፋው በድንገት ወደ ውስጥ ይደረመሳል። ካቪቴሽን ብለው የሚያስተምሯችሁ ይሄ ነው። ገበሬው ፓምፑን ተሸክሞ ሲመጣ «ጠጠር ገብቶበታል፣ ይንኳኳል» ይለኛል። ስከፍተው ጠጠር የለም። የኢምፔለሩ ክንፍ ግን ከመግቢያው በኩል ተቦርቡሮ፣ በጣት ሲዳሰስ የሚቧጥጥ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ ሰበቃውንና ፓምፑ አረፋ እንዳይፈጥር መግቢያው ላይ የሚፈልገውን ግፊት ቀንሼ፣ ውሃው ከፓምፑ በታች ከ5 ሜትር በላይ ከራቀ በዚህ ፓምፕ አትሞክሩ እላለሁ። በርኑሊንም (ግፊትን፣ ፍጥነትንና ከፍታን የሚያያይዘውን ቀመር) ስትጽፊ ከውሃው ወለል እስከ ፓምፑ መግቢያ ድረስ ጻፊው፤ ፓምፑን ከተሻገርሽ ግን ፓምፑ የጨመረውን ሳትደምሪ እኩል ነው አትበዪ።

ጉድጓዳቸው ጥልቅ የሆነባቸው ሰዎች ሞተሩን በገመድ አውርደው ጉድጓዱ ውስጥ በቆረጡት መደብ ላይ ያስቀምጡታል። በግፊት ስሌት ልክ ናቸው፤ ርቀቱን አሳጠሩት። የቤንዚን ሞተር ጭስ ግን ጉድጓድ ውስጥ ታምቆ ሰው ይገድላል፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ወርዶ የነበረው ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። እዚህ ላይ ማንንም አልለማመጥም፣ እቆጣለሁ። መብራት ካለ ውሃ ውስጥ የሚሰጥመውን ፓምፕ ይግዙ፤ ያ ከታች ስለሚገፋ የአየሩ ነገር አያስጨንቀውም።

አሁን ሥራ ልስጥሽ። አንድ ደንበኛዬ ሽንኩርቱን ሊያጠጣ ከወንዙ እስከ ማሳው 120 ሜትር የመግፊያ ቱቦ ይፈልጋል። በሰከንድ 6 ሊትር ይበቃዋል። 3 ኢንች ግዛ ብለው፣ 2 ኢንቹ ርካሽ ነው ብሎ ይከራከረኛል። ፍሰቱ ያው ከሆነ የሚጠፋው ኃይል ከዲያሜትሩ አምስተኛ ፓወር ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚሄድ፣ 2 ኢንቹ ከ3 ኢንቹ ሰባት እጥፍ ተኩል ገደማ እንደሚበላ ነግሬዋለሁ፤ በቃል አላመነኝም። ፍሰቱ የረጋ ይሁን የተናወጠ የሚለየውን ሬይኖልድስ ቁጥር አውጪና (ከ4000 እጅግ እንደሚበልጥ፣ ማለትም የተናወጠ እንደሆነ፣ ከአሁኑ እነግርሻለሁ) የሁለቱንም ኪሳራ በሜትር አስልተሽ ከእሁድ በፊት ላኪልኝ። ሰውየው ሰኞ ባሕር ዳር ወርዶ ሊገዛ ነው።

አባትሽ
ከመራዊ