ፕላን ሳይነሳ አትፍረዱ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞተርና መኪና ሲጋጩ ፍርዱ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ከሚያነሳው ትራፊክ ፖሊስ ቀድሞ ይደርሳል። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ «ሞተረኛ እኮ እብድ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ መሬት የወደቀውን አይቶ ባለመኪናውን ለመደብደብ ይነሳል። አብዛኛው ግን የመጣው ድምፁን ሰምቶ ነው፤ ግጭቱን አላየም።

ሕጉ እንዲህ አይቸኩልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጥራል። የጉዳቱን ድምር ባለቤቶቹ ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ የሚቀረው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ሞተር ትንሽ ነው ተብሎ አይቀነስለትም፤ መኪና ትልቅ ነው ተብሎም አይጨመርበትም።

እንግዲህ ማስረጃ ያልያዘ ሰው ጥፋቱ የሌላው ሆኖ ሳለ ግማሹን ሊከፍል ይችላል። ማስረጃው ደግሞ ያለው አስፋልቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመንን ልውሰድ። ሚኒባስ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከኋላው የነበረው ሞተር በግራ ሊቀድም ገብቷል። ሾፌሩ «ከየት እንደመጣ አላየሁትም» ይላል። ሞተረኛው «ፍሬቻ አላሳየም» ይላል። ማን ይታመን? የሞተሩ እግር መርገጫ አስፋልቱን የጫረበት መስመር የት እንደወደቀና ወዴት እንደተንሸራተተ ይናገራል። የጎማው ጥቁር ምልክት ፍሬን የተያዘው የት ላይ እንደሆነ ያሳያል። ከመኪናው ሥር የረገፈው ጭቃና የስፖኪዮው ስብርባሪ የተጋጩበትን ቦታ ይጠቁማሉ። የተጎዳው የመኪናው በር ነው ወይስ የፊት ፓራውልቱ? ይሄም ብዙ ይናገራል።

እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? መንገድ ተዘጋ ብለን ሞተሩን አንስተን ዳር እናስደግፈዋለን። ስብርባሪውን በእግራችን እንጠርገዋለን። ከዚያ ሽማግሌ ይገባና «በቃ ተስማሙ» ይባላል፤ ትንሽ ብር እጅ ይለውጣል። ሞተረኛው እግሩ የሚያብጠው ማታ ነው። ያኔ ፕላን ይነሳ ቢባል ምን ላይ ይነሳል? ሽምግልናን አልጠላም። ችግሩ ከፕላኑ መቅደሙ ነው።

ጣርማ በር ላይ ጉም በወረደ ሰዓት መሃል መንገድ ቆሞ ትራፊክ መጠበቅ ሌላ አደጋ መጥራት እንደሆነ አውቃለሁ። እሺ፣ ይነሳ። መጀመሪያ ግን የተጎዳውን እርዱ። ቀጥሎ ከሩቅም ከቅርብም በስልክ ፎቶ አንሱ፤ የጎማዎቹንና የሞተሩን ቦታ አስፋልቱ ላይ በድንጋይ ጭራችሁ ምልክት አድርጉ። ግጭቱን በዓይኑ ያየ ሰው ካለም ስልኩን ያዙ። ከዚያ ግፉት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን