ለተልእኮ ማሠልጠኛ ቤታችን ጣሪያ የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ኃይለኛው ነፋስ የማሠልጠኛውን ጣሪያ ገንጥሎ ከጣለው በኋላ ያቀረብነው ጥሪ ከሚያስፈልገው ግማሹን እንኳ ሳያስገኝ መቆሙን ታውቃላችሁ። ዳግመኛ መጻፉ ለእኛም አልቀለለንም። ከኮሚቴው መካከል «ሕዝቡን አሰልችተናል፤ ለጊዜው ዝም እንበል» ያሉ ነበሩ፤ ይህን ደብዳቤ የሚጽፈው ሰውም አንዱ ነበር።

ዝም እንዳንል ያደረገን አንድ ወንድማችን ነው። ለተልእኮ ጥሪው በሦስት ዓመት ውስጥ የጻፋቸው ሦስት የእንቢታ ደብዳቤዎች በፋይላችን ይገኛሉ፤ በመጀመሪያው ትምህርቱን፣ በሁለተኛው እናቱን የሚጦር አለመኖሩን፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንለት ምክንያት አድርጓል። እኛ አልገፋፋነውም። እናቱ ግን ሁለተኛውን ደብዳቤ በሰሙ ጊዜ «እኔን ሰበብ አታድርገኝ» አሉት። ጣሪያው በወደቀ በሳምንቱ፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ፣ ዝናብ ያራሳቸውን የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ገጽ በገጽ እያላቀቀ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲያሰጣ ዋለ፤ ሲመሽም እጁን እያራገፈ «እሄዳለሁ» አለን።

ማመንታቱን እንደ ነውር አልቆጠርንበትም። ሙሴ አፌ ኮልታፋ ነው ብሎ ሌላ ሰው እንዲላክ ለምኖ ነበር፤ እግዚአብሔር ቢቆጣውም ጥሪውን አላነሣበትም፤ አሮንን አጋር አድርጎ ሰጠው እንጂ። ኤርምያስም ብላቴና ነኝ ብሎ ነበር። እንዲያውም እኛን የሚያሳስበን አንዳች ሳያመነታ «ነገውኑ ላኩኝ» የሚለው አመልካች ነው። የዮናስ ነገር ደግሞ የተለየ ነው፦ ወደ ተርሴስ ለመሸሽ የመርከቡን ዋጋ የከፈለው ራሱ ነው፤ ለሽሽት ገንዘብ አልጠፋም። በኋላ ታዝዞ ነነዌ ደርሶ ቢሰብክም ሰዎቹ ንስሓ ገብተው ከጥፋት ሲድኑ ተቆጣ። እግሩ ታዝዟል፣ ልቡ ግን ገና አልተከተለም። ለዚህ ነው «እሺ» ያለውን ሰው በማግስቱ የማንልከው፤ ከሚሄድበት ሕዝብ ቋንቋና ኑሮ ጋር የሚተዋወቅበት፣ ፍርሃቱንም ከታላላቆቹ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜና ቤት ያስፈልገዋል።

ስለ ገንዘቡ የሚነገረውን ሰምተናል። «ጣሪያው በወጉ ሳይታሰር የቋንቋ መምህር መቅጠር ምን የሚሉት ነው?» ተብሏል። መሠረቱና ግድግዳው ያለቀው በእናንተው መዋጮና ጉልበት ነው፣ እስከ ዛሬም አንድ ስንጥቅ የለበትም። መምህሩን የቀጠርነው የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ደርሰው ስለ ነበር ነው፤ ከእነርሱም አራቱ ዛሬ በተላኩበት ስፍራ ያለ አስተርጓሚ ያስተምራሉ። የጣሪያው እንጨት ቀጭን መሆኑን በጊዜው አለማየታችን ግን የእኛ ጥፋት ነው፤ አንክድም። እያንዳንዱ ደረሰኝ በሒሳብ ሹሙ እጅ ስላለ፣ የሚጠራጠር ሁሉ መጥቶ ይመልከት።

ጌታ ስለ ሁለት ልጆች የተናገረውን ምሳሌ እናስታውስ። ወደ ወይኑ አትክልት ሂድ ሲባል አንዱ «አልወድም» ብሎ በኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ ሌላው ግን «እሺ ጌታዬ» ብሎ ቀረ። ወንድማችን እንደ ፊተኛው ሆኖ ተገኝቷል። በምረቃው ዕለት ቆመን የቃል ኪዳን ካርድ የሞላነው እኛስ? ኮሚቴውን ጨምሮ ካርዱን ሞልተን ገና ያልከፈልን ብዙዎች ነን። በአንጾኪያ የነበሩት ጾመው፣ ጸልየው፣ እጃቸውንም ጭነው በርናባስንና ሳውልን አሰናበቱ፤ የፊልጵስዩስ ሰዎችም ጳውሎስ በተሰሎንቄ ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደግመው ላኩለት። እኛም «ደግማችሁ» ለማለት የደፈርነው ይህን ይዘን ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በቤተ ክርስቲያኗ ስም በተከፈተውና በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በቃል ኪዳን ካርዳችሁ ጀርባ ታትሟል። ስታስገቡ «ለማሠልጠኛው ጣሪያ» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ፤ ባለፈው ምክንያቱ ሳይጻፍ የገባው ገንዘብ ከዐሥራት ጋር ተቀላቅሎ ብዙ አድክሞናል። በገንዘብ የማይችል በእንጨት፣ በምስማር ወይም በጉልበት ይርዳን። ለማንም ግለሰብ፣ ለኮሚቴው አባልም ቢሆን፣ በእጅ አትስጡ። ደግመን እናሳስባለን፦ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ብቻ፣ «ለማሠልጠኛው ጣሪያ» ተብሎ፣ ደረሰኙም ለሒሳብ ሹሙ ይድረስ።

የተልእኮ ማሠልጠኛ ቤት አሠሪ ኮሚቴ