ባለ ሁለት ፕሮሰሰሩ ኮምፒውተርና የሽንኩርቱ ነገር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ «ባለ ሁለት ፕሮሰሰር፤ ፍጥነቱ እጥፍ» የሚል ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ማስታወቂያ ደጋግሜ ባይ ነው ብዕር ያነሳሁት። እኔም ያንን ቃል አምኜ የገዛሁ ነኝ።

ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ሳምንታት እንቅልፍ የለኝም፤ ሙሽሮቹ ጫጉላ ላይ ሆነው እንኳ «ቪዲዮው ደረሰ ወይ?» እያሉ ይደውላሉ። ባለፈው ዓመት ወቅቱ ሳይገባ፣ መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ኤችፒ ዜድ820 ገዛሁ። በውስጡ ዚዮን ኢ5-2670 የተባሉ ሁለት ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩ አእምሮዎች) አሉት፤ እያንዳንዳቸው 8 ኮር፣ ማለትም ሥራ የሚከፋፈሉ ክፍሎች፣ በድምሩ 16። ወጣቱ ሻጭ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብሎ ተረተልኝ። (ተረቱ እዚህ ቦታ አይሠራም። የመጀመሪያው ፕሮሰሰር ከተበላሸ ሁለተኛው ባለበት ሆኖ ማሽኑን ብቻውን አያስነሳም።)

ቤት ወስጄ አቀናብሬ የጨረስኩትን የሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ወደ መጨረሻው ፋይል አወጣሁበት። 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀ። ከአሮጌው ባለ 4 ኮር ኮምፒውተሬ የፈጠነው በ25 ደቂቃ ብቻ ነው። ግራ ገብቶኝ የማሽኑን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ታስክ ማኔጀርን፣ ስከፍት «ሶኬት፦ 1» ይላል፤ የሚሠራው ፕሮሰሰር አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ለካ ሱቁ የጫነበት ዊንዶውስ 10 ሆም ኖሯል። ሆም ከአንድ በላይ ፕሮሰሰር አይጠቀምም፤ ሁለት የሚቀበለው ፕሮ ነው። ገንዘብ የከፈልኩበት ሁለተኛው ፕሮሰሰር እንደ ቤት እንግዳ ተቀምጦ ይውል ነበር ማለት ነው። ፕሮ ሲጫንበት ያው ሠርግ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ወጣ።

አሁንም አላመንኩምና ክዳኑን ከፈትኩት። ስምንቱም ራሞች (ፕሮሰሰሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚያስቀምጥባቸው) በአንደኛው ፕሮሰሰር ጎን ተደርድረዋል። በዚህ ዓይነት ማሽን እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ የራም ቦታ አለው፤ በአጠገቡ ያጣ እንደሆነ ወደ ጎረቤቱ ተሻግሮ ሲለምን ይውላል። አራቱን ነቅዬ ወደ ባዶው ጎን አዛወርኳቸው። 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ሆነ። ከዚያ በታች ግን ምንም ባደርግ አልወረደም።

የ3 ሰዓት ከ10 እኩሌታ 1 ሰዓት ከ35 መሆን ነበረበት። የቀረው ግማሽ ሰዓት የት ገባ? መልሱን ካሜራ ይዤ ከምዞርበት የድግስ ቤት ጓሮ አገኘሁት። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን አሥር ሴቶች ከበው ቢከትፉት ሥራው ባንድ አፍታ ያልቃል። ቁሌቱ ግን አሥር አማሳይ ቢቆምበትም ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚበስለው። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ ይህንኑ ነገር በፈረንጆቹ 1967 በስሌት አስቀምጦታል። ከሥራው 70 በመቶው ተከፋፍሎ የሚሠራ ቢሆን፣ ሁለት ፕሮሰሰር የሚሰጠው 1.5 እጥፍ ገደማ ነው። መቶ ፕሮሰሰር ቢደረደርለትም 3.3 እጥፍ አይሞላም።

ምስል በመቁረጥና በመቀጠሉ ሥራ ደግሞ ጭራሽ አሮጌው ይሻለኛል። የእሱ መነሻ ፍጥነት 3.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን የዚዮኑ 2.6 ነው፤ በዚያች ሰዓት የሚሯሯጡት አንድ ሁለት ኮሮች ብቻ ናቸውና የተቀሩት ቆመው ያያሉ። በዚያ ላይ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች በሙሉ ኃይል ሲሠሩ ለብቻቸው እስከ 230 ዋት ይጠጣሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩን በባትሪ የምታቆየው አሮጌዋ ዩፒኤሴ የምታሰማው ጩኸት ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ማሽኑን ግን አላማሁትም፤ አልሸጠውምም። በየሠርጉ ከአንድ ሰዓት በላይ ማትረፍ በጥር ወር ቀላል ነገር አይደለም። ብሌንደር በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሕንፃ ምስል የሚሠራ ወዳጄማ የእኔን ተውሶ ሞክሮት ጊዜው በግማሽ ሊቀንስለት ጥቂት ነው የቀረው። የእሱ ሥራ ከዳር እስከ ዳር ሽንኩርት ነው፤ ኮሮቹ ምስሉን ተከፋፍለው ይሠሩታል። ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ግን ለሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚከፍለው ገንዘብ በከንቱ የሚቀር ነው።

ቅሬታዬ «እጥፍ» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። ሻጮች በማስታወቂያው ላይ የዊንዶውሱን ዓይነትና የራሙን አቀማመጥ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል? ገዢም ባዶ እጁን አይሂድ። የራሱን ሥራ በፍላሽ ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቅ ውስጥ ያስጀምረው፤ ታስክ ማኔጀርን ከፍቶ «ሶኬት፦ 2» የሚለውን በዓይኑ ይይ፤ ክዳኑንም ያስከፍት። አላስከፍትም የሚል ሻጭ ካጋጠመው እዚያው ሕንፃ ላይ ሌላ ሱቅ አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቪዲዮ አቀናባሪ፣ ከአዲስ አበባ