ዴስኩ ለሦስት ነበር

ለምወድሽና ለማከብርሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በእናትሽ ሙት ዓመት በስልክ ከተነጋገርን እነሆ 6 ዓመት ሊሞላ ነው፤ ያን ቀን «እደውልልሻለሁ» ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝና የዝምታው ዕዳ የእኔ ነው። ሥራ በዛብኝ ብዬ ማመካኘት አልፈልግም። ሳልደውል ወር ሲያልፍ አፈርኩ፤ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ኀፍረቱ ራሱ ስልኩን እንዳላነሣ ከለከለኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣችኝ ትንሿ ልጄ ናት። ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ገብታለች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አድርሶት ስለነበር ታላቅ ወንድሟ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የተማረው ከእነዚያው ልጆች ጋር ነው፤ አሁን ግን ነገሩ ወደ እኛ ጊዜ ተመልሶ 6 ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። እሷም እንደ እኛ የ6ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ፣ ካደገችበት ግቢ ወጥታ፣ ከየሰፈሩ ከተሰበሰቡ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ገባች።

ጥቂት ሳምንታት እንደተማረች፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ ትጠራት የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ መቅረቷን አስተዋልኩ። ስጠይቃት «አሁን እኮ ሌሎች ጓደኞች አሉኝ» አለችኝ። ነገሩን ቀስ ብዬ ስመረምረው፣ ክፍሉ ውስጥ ስማቸው የሚነሣ ሴቶች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተዋል፤ የእኔዋ ገብታለች፣ አብሮ አደጓ አልገባችም። «አስገቧት ብላቸው ፋራ ናት ይሉኛል፤ እኔንም ያስወጡኛል» ስትለኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ልቆጣት አፌን ከከፈትኩ በኋላ 1981 ዓ.ም. ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝና ዝም አልኩ።

መቼም አትረሺውም። እስከ 6ኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት በአማርኛ ተምረን ነበር፤ 7ኛ ስንገባ ሒሳቡም ሳይንሱም ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀን። በሰፈራችን ትምህርት ቤት አንደኛና ሁለተኛ እየተፈራረቅን ስንወጣ የኖርን ልጆች፣ መምህሩ «አንብቢ» ሲሉን ምላሳችን ተሳሰረ። ካሲዮ ሰዓት የምታስረው ባለካሲዮዋ ልጅ ግን ተነሥታ ገጹን አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ ስትወጣው ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማን አራዳ፣ ማን ፋራ እንደሆነ የምትለየው እሷ ሆነች። ብዙ ጊዜ ሰዓቷንና ነጭ ሸራ ጫማዋን ስናማ እንኖራለን እንጂ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ያነገሣት ያ አንድ ገጽ ነው።

ሒሳብ እንደምችል ስታውቅ «ነዪ፣ እዚህ ተቀመጪ» አለችኝ። ዴስኩ ለሦስት ነበር፤ እሷና አንዷ ጭራዋ ተቀምጠዋል፣ የቀረው ቦታ አንድ ነው። ደብተሬን ሰብስቤ ስነሣ አንቺ ምንም አልጠረጠርሽም፤ እንዳልፍ ብለሽ ጉልበትሽን ወደ ጎን አደረግሽልኝ። ከዚያ ዓመት ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ጉልበትሽን ግን አልረሳሁም።

ያገኘሁትን ክብር ደግሞ ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት የቤት ሥራዬን አስኮርጃለሁ፣ በእረፍት ሰዓት ፓስቲዬን አካፍላለሁ፣ እሷ ስትስቅ እሥቃለሁ። ልጅቱ ሁለት ሳምንት ታማ በቀረችበት ጊዜ ከመካከላችን ልጠይቃት ያለ አልነበረም፤ እንዲያውም ትንሽ ተንፈስ አልን። ስሟ በየሴክሽኑ ይጠራ ነበር፤ የሚወዳት ግን አንድም ሰው አልነበረም። ዛሬ ሳስበው ከሁላችንም ይልቅ ብቸኛዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም፤ በእሷ መፍረድ ይከብደኛል።

በእኔ ግን እፈርዳለሁ። ሰኔ ላይ አውቶግራፍ ስንለዋወጥ «የልብ ጓደኛሽ ማን ናት?» ለሚለው ጥያቄ አንቺ በእኔ ደብተር ላይ የእኔን ስም ጻፍሽ፤ እኔ በአንቺ ደብተር ላይ የባለካሲዮዋን ስም ጻፍኩ። እንደምታነቢው እያወቅሁ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩም አስምሬበት።

በ8ኛ ክፍል እሷ ትምህርት ቤት ቀየረች። አንቺ ልባሱ የተገነጠለ የሒሳብ መጽሐፍሽን ይዘሽ መጣሽና «ሚኒስትሪ ደረሰ እኮ፣ አብረን እናጥና» አልሽኝ። ስላለፈው አንዲት ቃል አልተናገርሽም። እኔም ዝምታሽን እንደ ይቅርታ ቆጥሬ፣ ስለተመቸኝም ጭምር፣ እስከ ዛሬ ኖርኩበት።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆይታ «እሷስ በዚያን ዓመት ከማን ጋር ትሆን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። 37 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

ከግሩፑ ውጪ ብዬ አላስገደድኳትም፤ በዚያ ዕድሜ በእረፍት ሰዓት ብቻን ግድግዳ ተደግፎ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁና፣ ታዋቂነት ከንቱ ነው እያልኩ ልሰብካት አልፈለግሁም። ጠዋት ሲወጡ ግን አብሮ አደጓን ራሷ ሄዳ እንድትጠራት ለመንኳት። እስካሁን ከአምስቱ ቀን ሦስቱን ትሄዳለች፤ በመስኮት ሆኜ እቆጥራለሁ።

አሁን ጥያቄው ለአንቺ ነው። በዚያን ዓመት ማን አጠገብ ተቀመጥሽ? በእረፍት ሰዓት የት ትሄጂ ነበር? እናትሽ ለምን ቤታችሁ እንደቀረሁ ሲጠይቁሽ ምን ብለሽ መለስሽላቸው? ላደረግሁት ሁሉ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ነገር ግን ይቅር ከማለትሽ በፊት እንደ ልማድሽ ሳታለዝቢ የሆነውን ንገሪኝ። አውቶግራፍሽ አሜሪካ ድረስ አብሮሽ ሄዶ ከሆነ ያቺን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ቀድደሻት ከሆነም ጻፊልኝ።

አብሮ አደግሽ