የተከራከራችሁንንም የመረቃችሁንንም እናመሰግናለን

ለሳቢያን ጎረቤቶቻችን፣ ለእድራችን አባላት፣ ለድሬዳዋና ለሐረር ወዳጅ ዘመዶቻችን በሙሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? በጥር ወር ጋብቻችንን ስንፈጽም ከጎናችን የቆማችሁትን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርን ልናመሰግን አስበን ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ 61፣ እኔ 54 ዓመታችን ነው፤ ሙሽራ ተብሎ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል ለጉልበታችን ቀላል አልሆነም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብለናል። እሱ «አንቺ መምህርት ነሽ፣ ጻፊው» ብሎኝ ሮቶውን ሊያይ ጣራ ላይ ስለወጣ ቃሉ የሁለታችን፣ አጻጻፉ የእኔ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የተከራከረኝን ሰው፣ ትልቁን ልጄን ነው። ነገሩን ለልጆቼ የነገርኳቸው ዕለት ሴቶቹ አቀርቅረው ዝም አሉ። እሱ ግን ቀና ብሎ እያየኝ «እማዬ፣ ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽሽም። ቤቱስ?» አለኝ። ይህን የሰማ ሁሉ «አይ የዘንድሮ ልጅ፣ ለንብረት!» ይላል። እኔ እንደዚያ አልሰማሁትም። ያንን ቤት አባቱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከሽማንደፈር (ከባቡር ድርጅቱ) ደመወዙ እየቆጠበ፣ በእረፍት ቀኑ ብሎኬት እየደረደረ ያቆመው ነው። ልጁም በትንሽ ባልዲ አሸዋ ሲያመላልስ ያደገ ነው። በልቡ ይዞት ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሠርግ በልተን ነገ እንኮራረፍ ነበር። በግልጽ ስለጠየቀን በግልጽ ጨረስነው።

ስሜን እንዳትጠሩ ብሎ የገዘተን ጠበቃ ጎረቤታችን ደግሞ ሳንቲም ሳይቀበል የእኔንም የባለቤቴንም ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከብበው እንዲቀመጡ አድርጎ አስረዳን። ከተማችን የምትተዳደረው በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንድ ሰው ከጋብቻ በፊት የነበረው ንብረት የግሉ ሆኖ ይቀጥላል። ሆኖም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢም፣ ለምሳሌ የሰርቪስ ቤት ኪራይ፣ የጋራ ነው። ስለ ኪራዩ አንዳችንም አናውቅም ነበር። ደግሞም ባልና ሚስት ኑዛዜ ከሌለ አይወራረሱም፤ የሟች ወራሾች ልጆቹ ናቸው። «እንግዲህ የዚህ ቤት ግማሹ አባታችሁ ካረፈ ጀምሮ የእናንተ ነው። እናታችሁ አገባችም አላገባችም» ሲላቸው ልጄ ሳቀ። የባለቤቴም ሴት ልጆች ስለ ሐረሩ ቤታቸው ሊጠይቁ አፍረው የተቀመጡትን ጥያቄ ያኔ አወጡት። ውላችንን በጽሑፍ አድርገን፣ በሕጉ እንደተባለው ከእኔ ወገን ሁለት፣ ከእሱ ወገን ሁለት ምስክር ፈረመበት። ከእኔ ምስክሮች አንዱ ያው ቤቱስ ያለው ልጄ ነው። በእኛ ዕድሜ ጋብቻ ያሰባችሁ ካላችሁ ከድንኳኑም ከከብቱም በፊት ይህን ጨርሱ፤ ልጅ የሚያኮርፈው ያልተነገረው ነገር ላይ ነው።

ሽማግሌዎቻችንን በተመለከተ፣ እስካሁን ሳስበው ያስቀኛል። ለ54 ዓመት ሴት ሽማግሌ ወደ ማን ይላካል? አባቴም እናቴም አርፈዋል። መከሩና ወደ ወንድሜና ወደ ልጄ ላኩ። የንስሐ አባታችን፣ ከሐረር የመጡ ሁለት አዛውንትና የሰፈራችን ሐጂ ሆነው ገቡ። (የድሬ ሽምግልና ያለ ሐጂ አያምርም።) እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። አንደኛው አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደለመደባቸው «ልጃችሁን ለልጃችን…» ብለው ጀመሩና ልጄን ሲያዩት አፋቸው ተያዘ። ሐጂ ቀበል አድርገው «እናትህን ስጠን አቦ!» አሉት። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ልጄም ወግ አይቀርም ብሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው እግሩን አነባብሮ «ተማክረን እንነግራችኋለን፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብሎ አሰናበታቸው። በዚያ ፀሐይ ደግመው ለመጡት አባቶቻችን ዕድሜ ይስጥልን።

የሟች ባለቤቴን እህት ምን ብዬ እንደማመሰግናት አላውቅም። የሠርጉ ዕለት ጎህ ሳይቀድ ከለገሃሬ በባጃጅ መጣች። ነጠላዬን ተቀብላ ጥለቱን ወደ ፊት መልሳ እያለበሰችኝ፣ ፊቷን ሳታነሣ፣ «ወንድሜ ቢኖር ለማንም አልሰጥሽም ነበር። ከሌለ ግን ብቻሽን ስታረጂ አላይም» አለችኝ። ከዚያ ወጥታ የመጀመሪያውን እልልታ ያቀለጠችው እሷ ናት። ያን ቀን የቆሙ ሰዎች ብዙዎቹ ለምን እንዳለቀሱ የገባቸው አይመስለኝም።

የንስሐ አባታችንን ለሽምግልናው ብቻ ሳይሆን ለትምህርታቸውም እናመሰግናለን። ሁለታችንም የትዳር አጋሮቻችንን በሞት ያጣን ስለሆንን በመዓስባን ሥርዓት፣ ጸሎት ተደርጎልን በቁርባን ነው የተጋባነው። «ለምን አክሊል አልደፉም?» ላላችሁት ሁሉ ሳይሰለቹ መልሰዋል። የሁለታችን ልጆች በወጉ የተዋወቁትም በእሳቸው ምክር ነው። ታኅሣሥ 19 ለንግሥ ቁልቢ አብረን ሄድን። በዚያ ሕዝብ መሀል ታናሿ ልጄ አየር አጥሯት ስትዝለፈለፍ፣ ነርስ የሆነችው የእሱ ትልቅ ልጅ ሰው እየገፋች አወጣቻት፤ ከጅቡቲ በባቡር የመጣው ልጁ ደግሞ እስከ መኪናው አዝሏት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ማስተዋወቅ አላስፈለገንም።

ስለ ምግቡ ሳልናገር ባልፍ ጎረቤቴ ትቀየመኛለች። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደ ጊዜ የእሷንም ቤት ጠርጎት ነበር፤ ልጆቿን ይዛ እኛ ግቢ ገባች፣ ከዚያ እዚሁ ሳቢያን ቀረች። ለሙስሊም እንግዶቻችን የሚሆነውን ሁሉ ከእርድ እስከ ሩዝ በራሷ ቤት፣ በራሷ ድስት ሠርታ፣ በራሷ ልጆች አስተናገደች። የምትሰጪኝን ገንዘብ አላይም ብላ በሯን ዘጋችብኝ። በዋዜማው ያን ሁሉ ሽንኩርት ስትከትፉ ያመሻችሁ፣ ዶሮውን ስታወጡ ያነጋችሁ እናቶችና እህቶች፣ እጃችሁ ይባረክ። የእድራችን ዳኛም ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ያለ ኪራይ ስለፈቀዱልን እግዜር ይስጥልን። እድር የሐዘን ብቻ ነው የሚል ካለ የኛን ይይ።

የቀረው ኑሮው ነው፣ እሱም አለ። ባለቤቴ ደንገጎን ወርዶ ድሬ ሲገባ ሙቀቱ ጉድ አድርጎታል። ሐረር ብርድ ልብስ ደርቦ የሚተኛ ሰው አሁን አልጋው በረንዳ ላይ ነው፤ ማታ ማታ እያወጡ ጠዋት የሚያስገቡለት የእኔ ልጆች ናቸው። ከሐረር ተጭኖ የመጣው የእሱ ልጆች እናት ቡፌ በበሩ አልገባም አለ። የሰፈር ጎረምሶች ሆይ፣ በቁመቱም በወርዱም እያገላበጣችሁ ወገባችሁ እስኪቆረጥ ስለታገላችሁ እናመሰግናለን፤ ቡፌው አሁን በረንዳ ላይ የጫማ ማስቀመጫ ሆኗል። ሴቶቹ ልጆች ቅር እንዳይላቸው ፈርቼ ነበር፣ ራሳቸው ናቸው ጫማ የደረደሩበት።

እዚህ ድሬ ሥራ ያላት የእሱ ታናሽ ልጅ ከእኛ ጋር ናት። መጀመሪያ ጠዋት ሻይ ልታፈላ ማንቆርቆሪያውን ስትከፍት ውስጡ ነጭ ድንጋይ ጋግሯል። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ስለሆነ እኛ ለምደነው አናየውም። ልጅቷ በሎሚና በኮምጣጤ ፈትጋ ፈትጋ መስታወት አስመሰለችው። ልጄ ከሥራ መጥቶ ሻዩን ቀመሰና «ማንቆርቆሪያችንን ማን ነካው?» አለ። ሻዩ ጣዕሙ ጠፋበት መሰለኝ። እሷ ፊቷ ቀላ፣ እሱ ደነገጠ፣ እኔ መሀል ገብቼ አላባባልኩም። በማግስቱ ከቀፊራ ገበያ ሁለተኛ ማንቆርቆሪያ ገዝቶ መጣ። አሁን ምድጃችን ላይ አንዱ የሚፈተግ፣ አንዱ የማይነካ ሁለት ማንቆርቆሪያ አለ። የእኛን ልጆች «እንደ አንድ እናት ልጆች ሆኑ ወይ?» እያላችሁ ለምትጠይቁን መልሳችን አልሆኑም ነው፤ ሁሉም አድገው ነው የተገናኙት። ይከባበራሉ፣ ይደዋወላሉ፣ ይቀላለዳሉ። ለእኛ በቂ ነው።

«በዚህ ዕድሜዋ ምን አነሣት?» ያላችሁን አልረሳንም፤ ምሳውንም ስትበሉ አይተናችኋል። ጨመር ያደረጋችሁም ነበራችሁ። እናንተንም እናመሰግናለን።

አሁን ሥራ ያላችሁ ስሙኝ። የእድሩ ትልቁ ጭልፋና አንድ የብረት ትሪ እኛ ጋ ቀርቷል፤ ዕቃ ቆጣሪው ይምጣና ይውሰድ። ባለቤቷ ያልታወቀች አረንጓዴ ጥለት ያላት ነጠላ፣ አንድ የልጅ ጫማ (የግራ) እና የአዛውንት ከዘራ ተገኝተዋል። ከዘራው የሐረሩ ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም፣ ስልካቸው አይነሣም። ድንኳኑ ሞልቶባችሁ ቆማችሁ የበላችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና አለ። ወንበር እንዳታመጡ፣ ሁለት ቤት ወንበር ነው ያለን።