ሞርሳውን መልስልኝ

መንዝ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ የእግሯ እብጠት ጎድሎላታል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ውርጩ ግን ዘንድሮ ቀድሞ መጣና ባቄላውን በላብን። ትናንት ሚካኤልን አንግሠን ስንመለስ ከደብረ ብርሃን የመጣውን በግ ነጋዴ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለት ዋንጫ ጠላ እስኪጠጣ ዝም አለ። በሦስተኛው ወሬህን አወጣው።

«ልጅህ እጁ የተባረከ ነው፤ ማታ ማታ የልጆቹን ብረት እየሠራላቸው ነው» አለኝ። ማመስገኑ ነበር። የየትኞቹን ልጆች ብዬ አልጠየቅሁትም፤ አንተም እንዳትጽፍልኝ። እናትህ ምድጃው ዳር ነበረች፤ አልሰማችም ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ አደረች።

ስለዚህ ነገሩን ላሳጥርልህ። ጠመንጃ አትጠግን። በር ሥራ፣ መስኮት ሥራ፣ የወፍጮ ዘንግ አቃና፣ የባጃጅ እግር በይድ። በቶርኖ ብረት መቅረጽ ያስተማርኩህ ለዚህ ነው፤ ጊደሯን የሸጥኳትም ለዚህ ነው።

አባቴ ስለ ብረት ምን ያውቃል እንዳትል። አንተ የምታውቀው ክላሽን ነው። በዚያ አንተ ጋ ባለው፣ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ከክላሽ በፊት የነበሩት ሁሉ ተራ በተራ ተቀምጠዋል። አያትህ ይሠሩ የነበረው ውጅግራ ነው፤ ፈረንሳዮቹ በራሳቸው አቆጣጠር በ1874 ያወጧት፣ እነሱ ፊዚ ግራ ሲሏት የእኛ አፍ ውጅግራ ያደረጋት። አፈሙዟ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ ትጎርሳለች፤ ስትተኮስም ጭሷ ተኳሹ የት እንዳለ ያሳብቅበታል። በጣሊያን ጊዜ ራስ አበበ አረጋይ በዚህ አገር ሲዋጉ አርበኛው ይዞ የነበረው እሷን፣ ምንሽርን፣ ደግሞ ከራሱ ከጣሊያን የማረከውን ነው። የተተኮሰ ጥይት ቀለህ አይጣልም ነበር፤ ተለቅሞ አያትህ ዘንድ ይመጣና እንደገና ይሞላል። ቀን ቡዳ እያሉ ልጃቸውን ከደጃችን የሚሸሽጉ ሰዎች፣ ማታ ጠመንጃቸውን በበርኖስ ሸፍነው መጥተው የአያትህን ጉልበት ይስሙ ነበር። አያትህ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር። እኔ አያስቀኝም።

እኔን ደግሞ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ከገበያ አፈሱኝ፤ ጨው እንደያዝኩ። የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔን ሲሰሙ መሣሪያ ጥገና ወረወሩኝ። ክላሽን ያወቅኋት እዚያ ነው። ውስጧ ላላ ብሎ ስለተሠራ አቧራም ጭቃም ቶሎ አያንቃትም፤ ለዚህ ነው ገበሬው የሚወዳት። ካዝናዋ 30 ጥይት ይይዛል፤ ምላጯን ሳትለቅ ከያዝክ በሦስት አራት ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ይህን አስብ። በውጅግራ ጊዜ ሰውየው አንዷን ተኩሶ ሌላዋን እስኪያጎርስ ድረስ መሀል ላይ አንድ ሽማግሌ «ተው» ብሎ ሊገባ ይችል ነበር። ክላሽ ለሽማግሌ ጊዜ አትሰጥም።

በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲፈርስ ወታደሩ ክላሹን በሸሚዝ፣ በእንጀራ ይለውጥ ነበር። እኔ በሸራ ጫማ ለውጬ በእግሬ አገሬ ገባሁ። የለወጥኩት ሰው መልክ እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ዓይኑ ያረፈው እኔ ላይ አልነበረም፣ ብረቱ ላይ ነበር። ዛሬ በጆንያ ጠቅልለው የሚያመጡልህን ስታገላብጠው የሰደፉን እንጨት እየው። ስንት እጅ እንዳለሰለሰው ታየዋለህ።

እና ጠመንጃ አትጠግን።

ሥራውም ቢሆን ሥራ አይደለም፤ በዚህ አልታማም፣ እውነቱን ልንገርህ። ውሃ የጠጣን ብረት እሳት ካስነካኸው ይለሰልሳል። ጥይት በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ እየከነፈች የምታልፍበትን ቱቦ በኤሌክትሮድ ለጥፈህ ሰጥተህ፣ ሲፈነዳ የሚመጣው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው። ያ ተኳሽ ደግሞ ትናንት አብሮህ ኳስ የተጫወተ ልጅ ነው። ብሬን የሚሉትን መትረየስም አምጥተውልሃል አሉ። ሁለቱም 7.62 ነው ብለው ጥይት ሊያቀያይሩ የሚሞክሩ አይተሃል መቼም፤ የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ የብሬኑ 54። ስም አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ አይሆንም። ድሽቃማ፣ ያ ከባዱ መትረየስ፣ ያለ እግሩ ብቻውን 34 ኪሎ ነው፤ እነሱ በሸክም ያወጡታል። ልጆቹ ባለፈው በዚህ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ጫማቸው ኮንጎ፣ ዝናራቸው ሰፈር ውስጥ በልብስ መኪና የተሰፋ ሸራ፣ አንዱ ጋቢውን በሲባጎ ታጥቋል። እናትህ ቆሎ ሰጠቻቸው። ከልቤ አዘንኩ፤ አለመዋሸት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ወታደሮቹ መጡና ውኃ ለመኑን፤ አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ነበር፤ እሱንም አዘንኩለት።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩህን ልንገርህ። አንተ የተወለድክበት ዓመት በልግ የከዳን ዓመት ነበር። እናትህ አራስ ናት፤ ጎታው ባዶ ነው። ከታችኛው መንደር አንድ ሰው ምንሽር ይዞ መጣ፤ መምቻው መርፌ ተሰብሯል። «ጭላዳ ገብሴን ፈጀብኝ፤ ከጓሳ እየወረደ» አለኝ። ለማመን ፈልጌ ነበርና አመንኩት። ሞርሳው ላይ አሥሬ ሁለት ሌሊት በሞረድ ሠራሁለት። ከምን እንደሠራሁት አልነግርህም። ሁለት ቁና ገብስ ከፈለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት በወሰን ተጣልቶ የጎረቤቱን ልጅ ገደለበት። ልጁ 17 ዓመቱ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እትብትህን የቆረጠችው የእትዬ ልጅ ነው፤ ግድግዳዋ ላይ ፎቶው ያለው። በሽታ ነው የገደለው ያልኩህ እኔ ነኝ። የተተኮሰው አንድ ጥይት ነው። መርፌው አልከሸፈም። ጥሩ ሥራ ነበር።

ለቅሶ ደረስኩ፤ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። በኋላ ሽማግሌ ገባ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ደሙ ደረቀ ተባለ። ጠመንጃውን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ብረት ሠሪ በደም ነገር አይጠራም፤ ይህም እንደ ክብር ይቆጠርልን ይሆናል። ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ለእትዬ ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። በየዓመቱ ሰኔ ሚካኤል ዳቦ ስታመጣልህ እኔ ለምን ወደ ውጭ እንደምወጣ ጠይቀኸኝ ነበር። በጎቹን ላይ ነው አልኩህ። እናትህ ትዕቢት መስሏት ትቆጣኝ ነበር። ያን ሁለት ቁና ገብስ በሶ አድርጋ የበላችው እሷ ናት፤ አንተን ያጠባችህም በእሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ክላሽን የፈለሰፈው ሩሲያዊ (ስሙ ሚካኤል ነው፣ ትናንት ቅዳሴ ላይ ትዝ አለኝ) በ2006 በ94 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ለፓትርያርካቸው ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ጠመንጃዬ የሰው ነፍስ ካጠፋ እኔ ፈልሳፊው በደለኛ ነኝ ወይ ብሎ። አገር ለመጠበቅ የተሠራ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ትደግፋለች የሚል መልስ ተሰጠ አሉ። እኔን ይህ መልስ አላሳረፈኝም፤ እሱን አሳርፎት እንደሆነ እንጃ። እኔ የሠራሁት አንድ መርፌ ብቻ ነው፤ ፓትርያርክ ዘንድ የሚያደርስ ነገር የለኝም። የምጽፈው ላንተ ነው።

አውቃለሁ፣ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የሰፈሩን ጠመንጃ ሁሉ ሰብስቤ የጠረግሁት፣ ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። አንተ ፋኖስ ይዘህልኛል። «ያኔ ትክክል ከሆነ ዛሬ ለምን ኃጢአት ሆነ?» ትለኛለህ። መልስ የለኝም። ያኔ ያሰብኩት ነገሩ ሲያልፍ ብረቱ ተመልሶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ብዬ ነበር። አልተሰቀለም። ፋኖሱን ያስያዝኩህ ቀን ይቆጨኛል፤ የሞርሳውን አያያዝ ያየኸው ያኔ ነው።

ማን ልክ ነው ማን ተሳሳተ ብዬ አልጻፍኩልህም፤ በዚህ አታከራክረኝ። ጠመንጃ አትጠግን ነው ያልኩህ። የማንንም። ከዚያ ወገን ለምነው ቢመጡ፣ ከዚህ ወገን አዘው ቢመጡ፣ ቶርኖው ተበላሽቷል በል። ከፈለግህ አበላሸው፤ ቀበቶውን አውልቀህ ላክልኝ።

የሚከተለውን ዛሬውኑ አድርግ። ስልክህ ውስጥ የብረት ፎቶ ካለ አጥፋ፤ ኬላ ላይ ይፈትሻሉ። ኪስህ ውስጥ ቀለህ እንዳይገኝ፤ ለቁልፍ ማንጠልጠያ ያደረግኸውንም ጣል፤ ጌጥ አይደለም። ሱቁን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝጋ። ሌሊት መብራት አታብራ፤ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ነገር የበር ሠሪን መብራት ከሌላው አይለይም። ቁራሌው ያልፈነዳ ነገር ይዞ ቢመጣ አትግዛው፣ አትንካው፣ እሳት አታስጠጋው፤ ከደጅህ አርቀህ ሰው እንዳይደርስበት ለሚመለከተው ንገር። የእናትህ የደም ግፊት መድኃኒት አልቋል፤ የሁለት ወር ግዛና በነጋዴው ላክ፤ ካርቶኑን ልኬልሃለሁ፣ ስሙ እሱ ላይ አለ። ጨውም ጨምር፤ እዚህ ተወዷል። ዕቁብህን አታቋርጥ። ገቢውን ባላውቅም ያን የማታውን ገንዘብ እዚህ እንዳትልክ፤ እናትህ በእሱ የተገዛ ነገር አትበላም፤ ይህን ያለችው እራሷ ናት፣ ዛሬ ጠዋት።

ጋቢህን ጨርሳዋለች፤ ጥለቱ ቀይ ነው፤ ለገና ይደርስልሃል። ከመጣህ እትዬ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ምን እንደምላት አላውቅም፤ አንተ ከጎኔ ብትቀመጥ ግን እናገር ይሆናል።

ሞርሳውን በነጋዴው መልስልኝ። የአያትህ ነው፤ ሰጠሁህ እንጂ አላወረስኩህም። በጆንያ ጠቅልለው። የመንጋጋው ብሎን ይላላል፤ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ በሽቦ አጥብቀህ እሠረው።

አባትህ