ለልጄ፣ ብቻህን ከመውጣትህ በፊት

ልጄ፣

ከዘፋኝ ቡድንህ ጋር ዘፍነህ የላክልኝን ቅጂ ሰማሁት። መልእክትህንም አነበብኩት። አስተማሪያችሁ «ገና ናችሁ፣ ትንሽ ታገሱ» ይላችኋል። ያ ሰውዬ ደግሞ «ከቡድኑ ውጣና ነጠላ ዜማ ላሠራህ» ይልሃል። አንተም መሃል ላይ ሆነህ «እማ፣ ምን ትያለሽ?» ብለሃል። የምለው አለኝ። በስልክ ልንገርህ ብል ታቋርጠኛለህ፣ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቅጂውን እዚህ ዱባይ አብራኝ ለምትኖረው ፊሊፒኖ አሰማኋት። ፊሊፒኖዎች መቼም የእረፍት ቀን ያለ ካራኦኬ አይመሽላቸውም፣ ደግሞ አብዛኞቹ ይችሉበታል። ሰምታ ስትጨርስ «ማነው ያቀናበረላቸው?» አለችኝ። እኔ ስላንተ ድምፅ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ! ከዚያ ስለ አንድ የአገሯ የዜማ ደራሲ ማውራት ጀመረች፣ እኔም ከዚያ ወዲህ የሱን ነገር ሳዳምጥና ሳነብ ነው የከረምኩት።

ራያን ካያብያብ ይባላል። በ1954 ማኒላ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዝልኝ)። እናቱ የኦፔራ ዘፋኝና የሙዚቃ መምህር ነበረች፣ እሱ ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳለ በካንሰር ሞተችበት። እና ይቺ ዘፋኝ እናት ከመሞቷ በፊት ምን ተናዘዘች መሰለህ? ከልጆቼ አንዱም በሙዚቃ እንዳይተዳደር! የሙዚቀኛ ኑሮ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ራሷ ታውቀዋለቻ። አያትህ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ስትልህ ትናደዳለህ፣ ግን እሷ እንኳን መድረክ ላይ ቆማ አታውቅም። የዚህችኛዋ ይባስ፣ ሙያዋ ሆኖ ነው የፈራችለት።

ልጁም መጀመሪያ ላይ ታዘዘ። የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አካውንቲንግ ጀመረ። አዎ፣ አካውንቲንግ፣ አትሳቅ። ፒያኖ ግን ይችል ስለነበር ሳልቫዶር ላውረል የሚባሉ ሴናተር አምቢቫለንት ክራውድ ለሚባል የዘፋኞች ቡድን አጃቢ እንዲሆን ቀጠሩት፣ ወደ ሙዚቃ ትምህርት እንዲዛወርም የትምህርት ዕድል ሰጡት። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅደም ተከተል ልብ ብለህ እየው። በ1978 በመጀመሪያው የማኒላ የዘፈን ፌስቲቫል የሱ ድርሰት አንደኛ ወጣ። በ1981 ደግሞ ጉደኛ አልበም አወጣ፤ የሙዚቃ መሣሪያ የለበትም፣ ያለው የሱ ድምፅ ብቻ ነው፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም መሃሉንም ራሱ እየዘፈነ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ቀዳው። የሙዚቃ ዲግሪውን የያዘው ግን በ1983 ነው። አየህ፣ ስሙ በአገሩ ሁሉ ከታወቀ በኋላም ተመልሶ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ብቻውን ይህን ሁሉ የሚችል ሰው በ1989 ምን አደረገ? አራት ታዳጊዎች ሰበሰበ። ጄኔቫ ክሩዝ፣ ጄምስ ኮሮኔል፣ ጄፍሪ ሂዳልጎ እና ቶኒ ላምቢኖ። ቡድኑን ስሞኪ ማውንቴን አለው። «የሚጨስ ተራራ» ማለት ነው፣ የቆሻሻ መጣያ ስም ነው፣ እኛ ቆሼ እንደምንለው። ቶንዶ በሚባል የማኒላ ሰፈር ለዓመታት የከተማው ቆሻሻ ሲደፋበት ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ተቆልሎ ተራራ አከለ። ቆሻሻው ሲበሰብስ የሚወጣው ጋዝ እየተቀጣጠለ ሌት ተቀን ይጨስ ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ደግሞ እዚያው ላይ ጎጆ ቀልሶ ፕላስቲክና ብረት እየለቀመ ይኖር ነበር። በልጆች ዘፈን ገንዘብ ለማግኘት ብቻ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ስም አያወጣም። ሌላው ቢሆን ከዋክብት ምናምን ይላቸው ነበር።

«ፓራይሶ» የሚለውን ዘፈናቸውን ፈልገህ ስማው። ገነት ማለት ነው፣ ግን የሚያወራው ስለዚያ ሰፈር ነው። ቤቱ ካርቶን ነው፣ ብርዱን የሚከላከሉት በፌስታል ነው፣ ከጭሱ የተነሳ ወፍ እንኳን በላዩ አያልፍም። ይህን ሁሉ የሚሉት በልጅ ድምፅ፣ ሳያለቅሱ፣ ሳይጮሁ ነው። እኔ እንዳንተ ኖታ አላነብም፣ ግን አንድ ነገር ለየሁ። አንዱ ሲመራ ሌሎቹ ይጠፋሉ፣ ሲፈለጉ ብቻ ከስር ብቅ ይላሉ። ይህን ያደረገው ልጆቹ አይደሉም፣ አቀናባሪው ነው። «ዳ ኮኮናት ነት» የሚለው ደግሞ ቀልድ ነው፣ ስለ ኮኮናት ብቻ ነው የሚያወራው። ዛሬ የየአገሩ ኳየር ይዘፍነዋል። ሳቅ ያለበት ዘፈን ይህን ያህል ልቅም ብሎ መሠራቱ ነው የገረመኝ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። በላክልኝ ቅጂ ላይ ያ ሰውዬ «ወርቅ ድምፅ» ያለው ያንተን ብቻ መሰለህ? እኔ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ከፍ ስትል ልቤን የሚነካኝ ከስር ያቺ አልቶ (የሴቶቹን ወፍራም ድምፅ) የምትዘፍነው ልጅና ቤዙ (የወንዶቹን ወፍራም ድምፅ የሚዘፍነው) ስለያዙህ ነው። አስተማሪህ ቦታ ስለለቀቀልህ ነው። ያንን አውጥተህ ከኮምፒውተር በወጣ ቢት ላይ ብትቀመጥ ምን ይቀራል? ጥሩ ድምፅ ይቀራል። ጥሩ ድምፅ ያለው ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ አለ።

አትውጣ እያልኩህ እንዳይመስልህ። እነዚያም ዕድሜ ልካቸውን አብረው አልቆዩም። ጄኔቫ ለብቻዋ ወጥታ ትልቅ ዘፋኝ ሆነች። ጄፍሪ ዘፈኑን ይዞ ወደ ትወናና ወደ ዳይሬክተርነት ገባ። ቶኒ ላምቢኖ ጭራሽ ተምሮ የፋይናንስ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆነ! (ይህን ለአባትህ አትንገረው፣ ሌላ ነገር ማውራት ያቆማል።) መምህሩም ልጆቹ ሄዱብኝ ብሎ አልተቀመጠም። ኋላ ደግሞ በራሱ ስም የሚጠራ ቡድን አቋቋመ፣ የራያን ካያብያብ ዘፋኞች። ሰባት ናቸው፣ ሦስት ሴቶችና አራት ወንዶች። የአገራቸውን የድሮ ዘፈን፣ ፖፑን፣ ጃዙን፣ የቲያትር መዝሙሩን ሁሉ በሰባት ድምፅ ይሠሩታል። ከመካከላቸው በሙዚቃዊ ቲያትር የሚተውኑ አሉ፣ ይህን ለማድረግ ከቡድኑ መጣላት አላስፈለጋቸውም። እኔ ለዚህኛው ቡድን ነው የማደላው፣ ምንም እንኳን አብራኝ የምትኖረው ልጅ በስሞኪ ማውንቴን ብትምልም። አዋቂዎች ናቸው፣ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። እሱም በ2018 የአገሩ ብሔራዊ አርቲስት ተባለ፣ በ2019 በእስያ ትልቅ ክብር ያለው የማግሳይሳይ ሽልማት ተሰጠው።

ስለ አስተማሪህ የምጠይቅህ ይህንን ነው። እያስተማረህ ነው ወይስ እያቆየህ? ሁለቱ ይለያያሉ። ሄደህ ፊት ለፊት ጠይቀው፤ «መቼ ነው የምንቀዳው? ለብቻዬ አንድ ዘፈን ብሠራ ቡድኑ ውስጥ መቆየት እችላለሁ?» በለው። ቁርጥ ያለ መልስ ከሰጠህ፣ ቀኑ ቢረዝምም ጠብቅ። ካኮረፈ ወይም «ያሳደግኩህ እኔ ነኝ» ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያኔ እናወራለን። እስከዚያው ግን ማቀናበር እንዲያስተምርህ ለምነው። ድምፅ በጉንፋንም ይዘጋል፣ ለሌላ ሰው ድምፅ መጻፍ የሚችል ግን ታሞም ይሠራል።

የአካውንቲንግ ትምህርትህን ደግሞ ጨርስ። ስንት ቀረህ? ሁለት ሴሚስተር? ዘፋኝ ሆነህ የራስህን ሂሳብ የምታነብ ብትሆን የሚከፋው ያ ሰውዬ ብቻ ነው።

እሱ የሰጠህን ውል ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ሁሉንም ገጽ። የዘፈኑ ባለቤት ማን እንደሆነና ለስንት ዓመት እንደሚያስርህ የተጻፈበትን ገጽ አጉልተህ አንሳው፣ ባለፈው የላክኸው አይነበብም። አጎትህ ጠበቃ ጓደኛ አለው፣ ያሳየዋል። እስከዚያ ፊርማ የለም፣ «እናቴ ናት እምቢ ያለችው» በለው።

እማ